ለዲግሪው ወይስ ለማዕረጉ? የሦስተኛ ዲግሪ ያገኙ መምህራን የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ

በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች የሚያስተምሩ መምህራን የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን አጠናቅቀው ወደ ሥራ ገበታቸው ሲመለሱ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች ቀዳሚው የደመወዝ ጥያቄ ነው። «ደመወዜ የሚስተካከለው ጥናቴን ከተከላከልኩበት ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ማስረጃዬን ካስገባሁበት ቀን? ጭማሪው የሚሰጠው ለዲግሪው ነው ወይስ ለማዕረጉ? ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ጭማሪ ሲያገኝ እኔ ኮሌጅ በማስተማሬ ለምን እቀራለሁ?» የሚሉት ጥያቄዎች በየተቋማቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ቢሮዎች በር ላይ በየዕለቱ ይሰማሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ግን ብዙ ጊዜ በቃል፣ አንዳንዴም እርስ በርሱ በሚጋጭ መንገድ ስለሚሰጥ መምህሩ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዳዩን መሠረት በግልጽ ማሳየት ነው። በቅድሚያ የደመወዝ ጭማሪው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁኔታ ለምን እንደሚለያይ፣ ከዚያም የሌላ አገር ተሞክሮ ምን እንደሚያስተምር ይዳሰሳል። በመጨረሻም ተገልጋዩ መብቱን በወቅቱ ለማስከበር ማድረግ የሚገባው ይዘረዘራል።

ጥያቄው ለምን አሁን ጎልቶ ወጣ?

በአገራችን የሦስተኛ ዲግሪ ለረጅም ዘመን ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚገኝ ማዕረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የማስተማሩን ኃላፊነት በብዛት የተሸከሙት የውጭ አገር መምህራን ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ የሦስተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር የከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዛሬ በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሦስተኛ ዲግሪ ያሠለጥናሉ። በዚህም ምክንያት ከአገሩ ሳይወጣ፣ አንዳንዴም ከሥራው ሳይለይ ዶክትሬቱን የሚያጠናቅቅ መምህር ቁጥር ጨምሯል።

ሁለተኛው ምክንያት መንግሥት ራሱ ያስቀመጠው ግብ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የመምህራን ስብጥር 0፡70፡30 እንዲሆን፣ ማለትም በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚያስተምር እንዳይኖር፣ ሰባ በመቶው ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሠላሳ በመቶው ሦስተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ታቅዶ ሲሠራበት ቆይቷል። መንግሥት «ተማሩ» ብሎ ሲያበረታታ የተማረው ሰው ደግሞ «ተምሬያለሁ፤ ምን ይከተላል?» ብሎ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛውና የቅርቡ ምክንያት የደመወዝ ስኬሉ መሻሻል ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ዝቅተኛው በ26 በመቶ ገደማ፣ የዲግሪ ጀማሪው በ66 በመቶ ገደማ፣ ከፍተኛው በ81 በመቶ ገደማ አድጓል። ቀድሞ ከፍተኛው ደመወዝ የዝቅተኛው አራት እጥፍ ተኩል ነበር፤ አሁን ስድስት እጥፍ ተኩል ሆኗል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የራሳቸው የማዕረግ መሰላል ቢኖራቸውም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁሉም ነው፤ በመሰላሉ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ አንድ ደረጃ የመውጣት ዋጋ ይጨምራል፤ አንድ ወር የመዘግየት ጉዳትም አብሮት ይጨምራል። ቀድሞ በጥቂት መቶ ብር ልዩነት ምክንያት ቢሮ ለቢሮ መንከራተት የማይፈልግ መምህር ዛሬ ጉዳዩን በጥብቅ ቢከታተል አያስገርምም።

ጭማሪው የሚመጣው በየት በኩል ነው?

በመንግሥት ሥራ ደመወዝ የሚወሰንባቸው ሁለት አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው ለሰውየው የትምህርት ደረጃ መክፈል ነው፤ በዚህ አስተሳሰብ ዲግሪ ያገኘ ሰው የሚሠራው ሥራ ባይለወጥም ደመወዙ ይጨምራል። ሁለተኛው ለሥራው ክብደት መክፈል ነው፤ በዚህኛው ደግሞ የሚመዘነው መደቡ የሚጠይቀው ዕውቀት፣ የሚያሸክመው ኃላፊነትና የሚያስከትለው ውጤት ነው። የአገራችን ሲቪል ሰርቪስ የተከተለው ሁለተኛውን ነው። የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ተግባራዊ ሲደረግ መነሻ የሆነው መርህ እኩል ዋጋ ላላቸው ሥራዎች እኩል መነሻ ደመወዝ መክፈል የሚለው ነው። ለምሳሌ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለተኛ ዲግሪ ቢያገኝ በዲግሪው ብቻ ደመወዙ አይጨምርም፤ ዲግሪው ለሚጠይቀው ከፍ ያለ መደብ ተወዳድሮ ማለፍ ይኖርበታል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁኔታ ከዚህ በተወሰነ ደረጃ የተለየ ነው። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የሚተዳደሩ ተቋማት መምህራኖቻቸውን የሚያሳድጉት በአካዳሚክ ማዕረግ መሰላል ነው። መሰላሉ ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ በረዳት ሌክቸረር፣ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰር እና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል አልፎ እስከ ፕሮፌሰር ይደርሳል። ማዕረጉ ከመምህሩ ጋር የሚሄድ በመሆኑ እንደ ሌላው ሲቪል ሰርቫንት ክፍት መደብ እስኪገኝ መጠበቅ የግድ አይሆንም። ሌክቸረር የነበረ መምህር ሦስተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት የሚያደርሰው በር ይከፈትለታል።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። በሩ ይከፈታል ማለት ሰውየው ገብቷል ማለት አይደለም። ደመወዙን የሚለውጠው ዲግሪው ሳይሆን ዲግሪውን መሠረት አድርጎ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ማዕረጉ ደግሞ በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ መምህሩ ያመለክታል፣ የትምህርት ክፍሉ መርምሮ ያቀርባል፣ በተቋሙ የውስጥ ደንብ ሥልጣን የተሰጠው አካል ይወስናል፣ የሰው ሀብት አስተዳደሩ በደብዳቤ ያሳውቃል፣ ፋይናንሱ በደመወዝ መክፈያ ሊስቱ ላይ ያስተካክላል። በአጭሩ ደመወዝ ማዕረግን፣ ማዕረግ ውሳኔን፣ ውሳኔ ደግሞ የተሟላ ሰነድን ይከተላል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዷ ቀለበት ብትላላ ጉዳዩ ሁሉ ይቆማል።

ከረዳት ፕሮፌሰርነት በላይ ያለው መንገድ ደግሞ በዲግሪ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን የአገልግሎት ዘመን፣ በታወቁ መጽሔቶች የታተመ ምርምር፣ የማስተማር ብቃት ምዘናና የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል፤ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የሚጸድቀው በተቋሙ ሥራ አመራር ቦርድ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ዲግሪ የመምህሩን ደመወዝ አንድ ጊዜ ከፍ የሚያደርግ መነሻ እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድገት የሚያረጋግጥ ዋስትና አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ የሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነዚህም የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰው ሀብት አስተዳደርም ሆነ በፋይናንስ ሰፋ ያለ ነፃነት ተሰጥቷቸዋል። በእነዚህ ተቋማት የሚያስተምር መምህር ስለ ክፍያ ሲጠይቅ መነሻ ማድረግ ያለበት የተቋሙን የራሱን ደንብ ነው።

የኮሌጅ መምህሩ ጥያቄ

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚተዳደሩት በክልል መንግሥታት ነው። ኃላፊነታቸው ከባድ ነው፤ በአንደኛ ደረጃና በቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊደል የሚያስቆጥረው፣ ቁጥር የሚያስደምረው መምህር የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ሆኖም ኮሌጆቹ ሲደራጁ ተልዕኳቸው በዋናነት ማሠልጠን ስለነበር የሥራ መደቦቻቸው የተቀረጹት ለማስተማር በሚያስፈልገው የትምህርት ደረጃ ልክ ነው። መደቡ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነና ከዚያ በላይ በሦስተኛ ዲግሪ የሚያዝ ደረጃ በመሰላሉ ላይ ከሌለ፣ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰው መምህር ዲግሪው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ማንም አልከለከለውም፤ ነገር ግን የሚወጣበት እርከን አልተሠራለትም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። መምህሩ ምርጫው ሁለት ይሆናል፤ በነበረው ደመወዝ መቆየት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር። ከእነዚህ መካከል አብዛኛው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ኮሌጁ ለዓመታት ሙሉ ደመወዝ ከፍሎ ያስተማረውን ሰው፣ ትምህርቱ ፍሬ በሚያፈራበት ሰዓት ያጣል። የአገልግሎት ግዴታ ውል መልቀቂያውን ለተወሰነ ጊዜ ሊያዘገየው ይችላል፤ ያልረካን ሰው ግን በፍላጎት እንዲሠራ አያደርገውም።

የሌላው ወገን ክርክርም ሊደመጥ ይገባል። ሥራው ካልተለወጠ ክፍያው ለምን ይለወጣል? በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ትምህርት ለአንድ ዓይነት ሠልጣኞች የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን በዲግሪ ምክንያት ብቻ የተለያየ ደመወዝ ቢከፈላቸው «ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ» የሚለው መርህ ምን ይሆናል? የክልል በጀት የሚሸከመው የጤና ጣቢያውን፣ የውኃ ተቋሙን፣ የገጠር መንገዱን ጭምር ነው፤ እያንዳንዱ የደመወዝ ውሳኔ ከእነዚህ ጋር ይሻማል።

ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው። የሚታረቁት ግን ለዲግሪው ጭማሪ በመስጠት ወይም በመንፈግ ሳይሆን የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤቱ የሚሠራውን ሥራ በመለወጥ ነው። ዶክትሬት ያለው የኮሌጅ መምህር በትምህርት ቤቶች ላይ ተግባራዊ ምርምር እንዲመራ፣ ጀማሪ አሠልጣኞችን እንዲያበቃ፣ ሥርዓተ ትምህርት እንዲገመግም ቢደረግ ሥራው ከፍ ያለ ክብደት ይኖረዋል፤ ሥራው ሲከብድ በምዘናው ነጥቡ ይጨምራል፤ ደመወዙም ያለ ክርክር ይከተላል። ይህ የመደብ ጥናት የሚጠይቅ፣ የክልል ትምህርት ቢሮዎችና የክልል ሲቪል ሰርቪስ ተቋማት በጋራ የሚሠሩት ተግባር ነው።

የህንድ ተሞክሮ

ለዲግሪው በቀጥታ መክፈልን ለረጅም ጊዜ የሞከረች አገር ህንድ ናት። በዚያ አገር የኮሌጅ መምህራንን የሥራ ሁኔታ የሚወስነው የዩኒቨርሲቲ ድጎማዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2010 ባወጣው ደንብ መሠረት ሦስተኛ ዲግሪ ይዞ ለረዳት ፕሮፌሰርነት የሚቀጠር መምህር አምስት የደመወዝ እርከን ጭማሪ በቅድሚያ ያገኝ ነበር። በሥራ ላይ እያለ ዲግሪውን ለሚያገኝ ደግሞ ሦስት እርከን ይሰጥ ነበር። ጭማሪዎቹ የማይደራረቡ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዱ እርከን የሚሰላው በተመሳሳዩ መነሻ ደመወዝ ላይ እንጂ በቀደመው ጭማሪ ላይ ተደምሮ አይደለም። በወቅቱ አንድ እርከን ሦስት በመቶ ስለነበር አምስቱ 15 በመቶ፣ ሦስቱ 9 በመቶ ይሆኑ ነበር።

ሥርዓቱ ለመምህሩ ግልጽና በቀላሉ የሚሰላ ነበር። ነገር ግን ክርክር አላጣውም። ዲግሪው እንዲቆጠር የተሰጠበት ዩኒቨርሲቲ የቅበላ፣ የኮርስ ሥራና የግምገማ ሥርዓት የተቀመጠውን መስፈርት ማሟላት ነበረበት፤ የማን ዲግሪ መስፈርቱን አሟላ፣ የማንኛው አላሟላም የሚለው ጥያቄ በርካታ መምህራንን ወደ ፍርድ ቤት ወስዷል።

ቀጥሎ መንግሥት አቅጣጫውን ለወጠ። የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2017 ባወጣው የደመወዝ ማሻሻያ መመሪያ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጥ የቅድሚያ ጭማሪ እንደማይኖር ገለጸ። የሰጠው ምክንያት ማበረታቻው በዕድገት መሰላሉ ውስጥ ተካትቷል የሚል ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ረዳት ፕሮፌሰር ወደሚቀጥለው የደመወዝ ደረጃ የሚያልፈው በአራት ዓመት ሲሆን የሌለው ግን ስድስት ዓመት ይጠብቃል። በሌላ አነጋገር ለዲግሪው ገንዘብ መስጠት ቀርቶ ጊዜ መስጠት ተተካ። ማሻሻያው የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመሆኑ በአሮጌው ደንብ ተስፋ ትምህርት የጀመሩ፣ በአዲሱ ደንብ ዘመን የጨረሱ መምህራን ቅሬታ ማሰማታቸው አልቀረም።

ከዚህ ተሞክሮ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ክፍያን ከዲግሪ ጋር በቀጥታ ያሰረ አገር የዲግሪውን ጥራት የማጣራት ሸክም አብሮ እንደሚሸከም ነው። ሁለተኛው የሽግግር ድንጋጌ አስፈላጊነት ነው። አንድ መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ሲመዘገብ ቢያንስ አራትና አምስት ዓመት የሚወስድ ውሳኔ መወሰኑ ነው። በመሃል ደንብ ሲለወጥ በቀድሞው ደንብ የተጀመረው ጉዳይ በምን እንደሚዳኝ አስቀድሞ ካልተጻፈ ቅሬታ ይከተላል።

ከጭማሪው እጅ ላይ የሚደርሰው

ብዙ መምህራን በማዕረግ ዕድገቱ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር አይተው የሚጠብቁትና በባንክ ሒሳባቸው የሚገባው ገንዘብ ሲለያይ ስሕተት የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከግብርና ከጡረታ መዋጮ ነው። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነፃ ሲሆን ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈላል። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ነው።

ስለዚህ ደመወዙ ቀድሞውንም ከ14,000 ብር በላይ የሆነ መምህር 1,000 ብር ሲጨመርለት 350 ብር ለግብር፣ 70 ብር ለጡረታ ይቀነሳል፤ እጁ ላይ የሚደርሰው 580 ብር ነው። ይህ አሳዛኝ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው መሥሪያ ቤት በበኩሉ ለዚሁ ጭማሪ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ያስገባል። የጡረታ አበል የሚሰላውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ በመሆኑ በሥራ ዘመኑ ማብቂያ አካባቢ የሚገኝ ማዕረግ ጥቅሙ ከወርኃዊ ጭማሪው ያለፈ ነው። ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ መምህራን የማዕረግ ጉዳያቸው ለወራት ሲጓተት የሚያጡት የወራቱን ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚከፈላቸው አበልም እንደሚነካ ሊያውቁ ይገባል። እነዚህን ጉዳዮች የሚያስተናግዱ ባለሙያዎችም ይህንኑ ታሳቢ በማድረግ ቅድሚያ ቢሰጧቸው ተገቢ ነው።

መዘግየቱ የት ላይ ነው?

ለአብነት አንድ መምህር እንውሰድ። ጥናቱን በጥር ተከላከለ፤ የገምጋሚዎችን አስተያየት አርሞ የመጨረሻውን ቅጂ በመጋቢት አስገባ፤ ጊዜያዊ ማስረጃውን በግንቦት ወሰደ፤ ለማዕረግ ያመለከተው በሰኔ ነው። በልቡ የሚቆጥረው ከጥር ነው፤ ተቋሙ የሚቆጥረው ሰነዱ ተሟልቶ ከቀረበበት ወይም ማዕረጉ ከተወሰነበት ቀን ነው። ወርኃዊ ልዩነቱ 2,000 ብር ነው ብንል በጥርና በሰኔ መካከል ባሉት አምስት ወራት ብቻ 10,000 ብር የሚያህል አለመግባባት ተፈጥሯል። በዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ጉዳዩ ወደ ሐምሌ ሲሻገር ያለፈው ዓመት ውዝፍ ክፍያ ተጨማሪ የበጀት ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል።

በዚህ ምሳሌ ላይ መምህሩም ተቋሙም ድርሻ አላቸው። መምህሩ ማስረጃው እጁ እንደገባ ማመልከት ነበረበት። ተቋሙ በበኩሉ ማዕረጉ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር በደንቡ ላይ በማያሻማ ቃል ማስፈርና ለትምህርት የሚሄደውን መምህር ገና ሲሄድ ማሳወቅ ነበረበት። ቀኑ የታወቀ ከሆነ አለመግባባቱ በአብዛኛው ከመነሻው ይቀራል።

የጥራት ጉዳይ

ማበረታቻ ባለበት ሁሉ አቋራጭ የሚፈልግ አይጠፋም። ሦስተኛ ዲግሪ ደመወዝን የሚያሳድግ ከሆነ ለዕውቀቱ ሳይሆን ለወረቀቱ የሚማር፣ ይባስ ብሎም በሐሰተኛ ማስረጃ የሚቀርብ ሰው ሊኖር ይችላል። ለዚህም ነው ቅበላው ላይ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተግባራዊ የተደረገው፤ መጨረሻው ላይም የማስረጃ ማጣራት የሚከናወነው። ከውጭ አገር ተቋማት ለተገኙ ዲግሪዎች የአቻ ግምት የሚሰጠው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ማጣራቱ በሐቀኛው መምህር ላይ የተቃጣ ጥርጣሬ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ሚዛን እንዳይቀመጥ የሚጠብቀው እርሱን ነው። ሆኖም ማጣራት ጊዜ አይወሰንለት ማለት አይደለም። ሐቀኛው ሰው በሌሎች ጥፋት ምክንያት ለወራት ደመወዙን እንዳያጣ ማጣራቱ በተወሰነ ቀነ ገደብ መመራት ይኖርበታል።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ ለትምህርት ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ዘርፉ ከሚያስተምሩት ሙያ ጋር ተዛማጅ ስለመሆኑ ከተቋምዎ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይያዙ። ሳይፈቀድ በተቀየረ ዘርፍ የተገኘ ዲግሪ ለማዕረግ ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሣል።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ውልዎንና የአገልግሎት ግዴታ ዘመንዎን የሚገልጸውን ሰነድ ቅጂ ይያዙ፤ ትምህርትዎን ሲያጠናቅቁም ወደ ሥራ መመለስዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። በሥራ ገበታ ላይ ያልተመዘገበ መምህር ማዕረጉ ቢጸድቅ እንኳ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በማስረጃዎችዎ ሁሉ ላይ ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስፈሩን ያረጋግጡ። በተለይ ከውጭ አገር የሚመጡ ማስረጃዎች ከፓስፖርት ጋር የማይመሳሰሉ ከሆነ ማጣራቱን ያጓትታሉ።

አራተኛ፣ ዲግሪዎን ያገኙት ውጭ አገር ከሆነ ማስረጃውን በሚመለከታቸው አካላት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ጭምር አረጋግጠው ለአቻ ግምት ያቅርቡ። ይህንን የሚቻለውን ያህል ገና እዚያው አገር ሳሉ መጀመር ብዙ ወራትን ይቆጥባል። በውጭ አገር ሆነው የተማሩና ወደ አገር ቤት ተመልሰው ለማስተማር የሚያስቡ ወገኖችም ይህንኑ ቢያደርጉ ይመከራል።

አምስተኛ፣ የማዕረግ ማመልከቻዎን በቃል ወይም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፤ የገቢ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂም ይቀበሉ። ወደፊት ውዝፍ ክፍያ ቢነሣ ዋናው ማስረጃዎ ይህች ቀን ናት።

ስድስተኛ፣ ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገ ውሳኔው በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ለሚሰጡት ውሳኔ ምክንያት መግለጽ ይጠበቅባቸዋል። በክልል ሥር ባሉ ኮሌጆች ለሚያስተምሩ ደግሞ የክልሉ ሕግ ተፈጻሚ ይሆናል።

ሰባተኛ፣ ቅሬታዎን በቅድሚያ ለተቋምዎ ቅሬታ ሰሚ አካል ያቅርቡ። በዚያ መፍትሔ ካላገኙና የአስተዳደር በደል ተፈጽሞብኛል ብለው ካመኑ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታዎን ያለ ክፍያ ይቀበላል።

ማጠቃለያ

ለሦስተኛ ዲግሪ ደመወዝ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲቀርብ መልስ አያገኝም። አሁን ባለው አሠራር ጭማሪው የሚመጣው በማዕረግ ወይም በመደብ በኩል ነው። ይህ አሠራር ተገቢ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው ማዕረጉ በታወቀ ቀንና በታወቀ ሥርዓት ሲወሰን ነው፤ ሁለተኛው የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችን ጨምሮ በየተቋሙ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው የሚሠራው ተመጣጣኝ ሥራና የሚወጣበት እርከን ሲኖር ነው። የመጀመሪያው በየተቋማቱ አስተዳደር እጅ ያለ፣ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ፣ ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ሁለተኛው ጥናትና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሆኖም በቆየ ቁጥር ኮሌጆቹ ያስተማሯቸውን መምህራን እያጡ ይቀጥላሉ፤ ጉዳቱም በመጨረሻ የሚያርፈው በአንደኛ ክፍል ፊደል በሚቆጥረው ሕፃን ላይ ነው።

መምህራንም ጉዳያቸውን በተሟላ ሰነድና በወቅቱ በማቅረብ የበኩላቸውን እንዲወጡ እናሳስባለን። የሚያመለክቱበትን ተቋም የውስጥ ደንብ አስቀድሞ ማንበብ፣ ያልተረዱትንም በጽሑፍ መጠየቅ ከብዙ ምልልስ ያድናል።